ከሪያድ የመጣው ራም

ሀጀራ ደክሟታል። ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ሆኖ፣ ነጭ ጽሑፍ ደርድሮ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ እንደ በፊቱ «ያ ረቢ!» ብላ እንኳ አልጮኸችም። የሰው ሠርግ የጥሪ ካርድ እየሠራች ነበር፤ የሙሽሮቹ ስም፣ አበባው፣ ወርቃማው ጠርዝ፣ ሁሉም ድራሹ ጠፋ። እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

ከጅዳ ተመልሳ መካነ ሰላም ከገባች ጀምሮ እንጀራዋ ይኸው ኮምፒውተር ነው። አሮጌ ቢሆንም አሳፍሯት አያውቅም ነበር። ጣጣው የመጣው ሊያገባት የሚፈልገው አሕመድኑር «ያፈጥንልሻል» ብሎ ከሪያድ በመንገደኛ ራም የሚባለውን የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ከላከላት ወዲህ ነው። አይ ራም! ጣት የምታህል ዕቃ ስንቱን አመሰች! እናቷ እትዬ ኡሙልኸይር በሁለት እጃቸው ተቀብለው ለጎረቤቱ ሁሉ አሳዩ። ከዐረብ አገር ወንድ የላከው ዕቃ ቤት ከገባ፣ በሰፈሩ ዓይን ልጅቷ ታጨች ማለት ነው። ሀጀራን የጠየቃት የለም።

ራሟን የገጠመላት ገበያው ዳር ኮምፒውተር የሚጠግነው ሁዜይፋ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ይመጣል። አንዴ አቧራውን ያራግፋል፣ አንዴ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ይጭናል፣ አንዴ መብራት የሚያስገባለትን ፓወር ሳፕላይ ይቀይራል። ኮምፒውተሩ እሱ እያለ ይሠራል፤ ሲሄድ ይጠፋል።

«ይሄ ልጅ ሊጠግን ነው የሚመጣው ወይስ ሊከርም?» ይላሉ እናቷ፣ በሩ አጠገብ ካለው መደብ ሳይነሱ።

ሀጀራ ግን የሚመጣበትን ቀን ትወደዋለች። መውደዷ ራሱ ያደክማታል። ካርዱ ሲጠፋ ታዝናለች፤ ወዲያው ደግሞ ሁዜይፋ ሊመጣ ነው ብላ ሻሿን ታስተካክላለች፤ ከዚያ በራሷ ታፍራለች።

ዛሬም መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ጫማው ጭቃ ነው። የኮምፒውተሩን ክዳን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ።

«ሁዜይፋ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከዚህ በላይ አልችልም። አይድንም በለኝና ይውጣልኝ።»

«ይድናል» አለ ቀስ ብሎ። «አብሽሪ።»

«ታዲያ ምን ነክቶት ነው?»

ወደ እትዬ ኡሙልኸይር አየ፤ ከዚያ ወደ መሬት። «ራሟ ናት። ከድሮው ራም ጋር አልተስማማችም። ወላሂ፣ ገና ከጅምሩ ጠርጥሬ ነበር።»

«እና ለምን አልነገርከኝም?»

«እጮኛሽ የላከውን አውጥተሽ ጣይ ልበልሽ? ሌላ ሰው ቢሆን ይናገረው ነበር። እኔ ስናገረው ቀንቶ ነው ይባላል። ውሸትም አይደለም፣ ቀንቻለሁ። ስለዚህ ሌላው ሁሉ እስኪያልቅ ሞከርኩ።»

ሀጀራ ትሳቅ ወይ ታልቅስ ጠፋት። ያ ሁሉ የጠፋ ካርድ፣ ያ ሁሉ ድካም፣ ለዚህ!

«አውጣት» አለችው።

«ሀጀራ!» እናቷ ተነሡ። «የሰው ስጦታ! ሰው ምን ይላል?»

«ይበል፣ እማ። አሕመድኑር ደግ ሰው ነው፤ ክፉ አላደረገብኝም። ግን እሺ አላልኩትም። ዕቃውን በመንገደኛ መልሺለት፤ መልሴ እሱ ነው።»

እትዬ ኡሙልኸይር ልጃቸውን አተኩረው አዩዋት። ጅዳ ሳለች በስልክ «ደህና ነኝ እማ» እያለች ስትደብቀው የኖረችው ድካም ዛሬ ፊቷ ላይ ነበር። አንጀታቸውን በላችው። እጃቸውን ወደ ሁዜይፋ ዘረጉ፤ ያወጣትን ራም ተቀብለው በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሯት።

ኮምፒውተሩ ተነሣ። ቀርፋፋ ነው። ሻይ ፈልቶ እስኪጠጣ ግን አልጠፋም።

«እንግዲህ የምመጣበት ምክንያት አለቀ» አለ ሁዜይፋ፣ መፍቻዎቹን እየሰበሰበ።

«ሽማግሌ ላክ» አለችው ሀጀራ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ሁዜይፋ ደንግጦ ወደ እናቷ ዞረ።

«ምን ታየኛለህ?» አሉት እትዬ ኡሙልኸይር። «ሰምተሃታል አይደል? ሂድ ለአባትህ ንገር።»