ለኩላሊት የተላከ ሽማግሌ

ጉዲቱ ወደ አዳማ ስትመጣ ሁልጊዜ ደስ ይላት ነበር። የዚያን ቅዳሜ ግን ሚኒባሱ ዱከምን ሲያልፍ ወርዳ ወደ አዲስ አበባ መመለስ አማራት።

ዶክተር ጉዲቱ ዕድሜዋን የፈጀችው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። የአንዱ ሰው አካል በሌላው ሰውነት ውስጥ አንዳንዴ ተቀባይነት የሚያገኘው፣ አንዳንዴ ደግሞ እንደ ጠላት የሚባረረው ለምንድን ነው? ይህን ስትመረምር ፀጉሯ ላቦራቶሪ ውስጥ ሸበተ። ከአርሲ ነገሌ እህል የሚያመላልሰው ታናሽ ወንድሟ አማኑ ኩላሊቶቹ ሥራ ሲያቆሙ መጀመሪያ የተመረመረችው እሷ ነበረች። የደም ዓይነቷ አልሆነም። ያን ሁሉ ዓመት ተምራ ለገዛ ወንድሟ አለመሆኗ አንገበገባት።

የቤቱ ታላቅ ዲበኩሉ ግን መላ አገኘሁ አለ። መላው የሁሉም ታናሽ የሆነችው ትህትና ናት። «ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ፋብሪካ ውላ ትገባለች። ምን ይጎድልባታል?» አለ፤ ሲናገረው ትንሽ እንኳ አላፈረም። በእኛ ዘንድ ያላገባች ሴት ጊዜዋም ጉልበቷም የቤተሰቡ ነው ተብሎ ይታሰባል። አሁን ደግሞ ኩላሊቷ ተጨመረበት።

ትህትና ዝም ስትለው ሽማግሌ ላከባት። አዎ፣ ለጋብቻ እንደሚላከው ያለ ሽማግሌ! አማኑ ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል በሄደበት ቀን፣ ጋሽ ገርባና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች አዳማ ባለው የቤተሰቡ ቤት ሳሎን ተቀምጠው፣ የቀረበላቸውን ምሳ ገፋ አድርገው «እሺ እስክትይ እህል አንቀምስም» አሏት። ለሽማግሌ እምቢ ማለትን ማንም ያላስተማራት ልጅ ምን ትበል? እሺ አለች። ተመረመረች፤ ገጠመ።

ውጤቱን የሚያውቁት ሁለቱ እህትማማቾች ብቻ ናቸው። የዚያን ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት ጉዲቱ እንድትነግራቸው ነበር። ትህትና ግቢው በር ላይ ጠበቀቻት።

«ጉዲዬ፣ አልገጠመም በይልኝ። አንቺ ካልሽ ሁሉም ያምናል።»

«ትህትናዬ...»

«እሺ ያልኩት እየተንቀጠቀጥኩ ነው። አማኑን ጠልቼው አይደለም። ፈራሁ፣ በቃ ፈራሁ።»

ጉዲቱ መግቢያም መውጫም ጠፋት። ገጥሟል ብትል እህቷን በገዛ እጇ ጎትታ አልጋ ላይ ማስተኛቷ ነው። ብትዋሽ ታማሚዎች የሚያምኑባትን ቃሏን ታረክሳለች፤ ሽማግሌዎቹም ነገ ወለንጪቲ ወዳለችው የእነጉዲቱ አክስት ልጅ ይሄዳሉ። ዝም ብትል ደግሞ ወንድሟ ሊሞትባት ነው። ከሁሉ የከፋው፣ ትህትና እንድትሰጥ እሷም በልቧ ትመኝ ነበር። ይህን ከራሷ መደበቅ አልቻለችም፤ አፈረችም።

ሳሎን ስትገባ ሁሉም አፍ አፏን አዩ።

«እህስ?» አለ ዲበኩሉ።

«የትህትና ውጤት የትህትና ነው። እኔ አልናገርም።»

ጋሽ ገርባ ከዘራቸውን አስተካከሉ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወንድምሽ እየሞተ እኮ ነው! ይህ ከሽማግሌ ይደበቃል?»

«ጋሽ ገርባ፣ እርስዎ የተጣላ አስታርቀዋል፣ ጎጆ አስቀልሰዋል፤ እናከብርዎታለን። ከሰው ሆድ አካል ለማውጣት ግን ሽማግሌ አይላክም። እህል አንቀምስም ተብላ እሺ ያለች ሰው ፈቀደች አይባልም።»

«እንግዲያው አማኑ ይሙት ነው የምትይው!» ዲበኩሉ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ዲቤ፣ አንተ መቼ ተመረመርክ?»

ሽማግሌዎቹ ወደ ዲበኩሉ ዞሩ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም፤ ሽማግሌ የሚልክ ሰው ራሱ አይጠየቅማ!

«እኔ ልጆች አሉኝ...» ብሎ ጀመረ።

ንግግሩን ከተኛበት የሰማው አማኑ ግድግዳውን ተደግፎ ከመኝታ ክፍል ወጣ። እግሮቹ አብጠዋል። «በእኔ ስም ሽማግሌ መላኩን የነገረኝ የለም» አለ። ትንፋሽ አጠረው። «ትህትናን አስለቅሼ የማገኘው ዕድሜ ይቅርብኝ። ፈቅዶ የሚሰጠኝ እስኪገኝ በእጥበት እቆያለሁ።»

ትህትና አቅፋው አለቀሰች። ዲበኩሉ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ከወለሉ ላይ አልነቀለም።

«እኔም ፈርቼ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሽማግሌ የሰበሰብኩት ወደ እኔ እንዳትዞሩ ነው።»

ጋሽ ገርባ ተነስተው ትህትና ፊት ቆሙ። «ልጄ፣ ያልሽውን እሺ መልሰንልሻል። እኛን ይቅር በይን» አሏት።

ወገኖቼ፣ በየቤታችን እንዲህ ያለ እሺ ስንት አለ? ኩላሊት መስጠት ትልቅ በጎነት ነው፤ ሰውን ከሞት ያወጣል። ነገር ግን የሚሰጠው ሰው እምቢ ማለት ካልቻለ ስጦታ አይደለም፤ ተነጥቋል። ለታመመ ወንድሙ መላ የሚፈልግ ሰው ደካማውን ከመፈለጉ በፊት የራሱን እጅጌ ይሰብስብ።

ዲበኩሉ ማንም ሳይልከው ሄዶ ተመረመረ፤ ሆነም። ከቀዶ ጥገናው በፊት አንዲት የሆስፒታሉ ሐኪም ቤተሰቡን አስወጥታ ብቻውን አነጋገረችው። ያስገደደህ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችው።

«እኔን ያስገደደኝ የለም» አላት። «ሰው ሳስገድድ የነበርኩት እኔ ነኝ።»