በቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረው

የፕሮፌሰሩ ሬሳ የተገኘው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በቤተ ሙከራው የሚዛን ክፍል ውስጥ፣ በሩ ሥር ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮት የለውም። ነፋስ ሚዛኑን እንዳይረብሸው በሩ ሁልጊዜ ይዘጋል። ግድግዳው ላይ የናይትሮጅን ቧንቧው መጋጠሚያ ላልቶ ያፏጫል።

«አደጋ ነው» አሉ ሁሉም። «ናይትሮጅኑ አየሩን አባሮት ታፍነው ነው የሞቱት።»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «እሜቴ ለምን» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም። ተንበርክካ ሟቹን አየች። የሸሚዛቸው ኮሌታ ተቀዷል፤ ሁለት አዝራር ወለሉ ላይ ወድቋል። ጥፍራቸው ውስጥ የበሩ ቀለም ገብቷል። ጠረጴዛው ላይ፣ ክፍት ሳህን ውስጥ፣ አውራ ጣት የምታህል ነጭ ስፖንጅ መሳይ ነገር ተቀምጣለች። እሷን ጠርሙስ ውስጥ አሽጋ ያዘቻት።

የክፍሉ ቁልፍ ከሟቹ ሌላ በሦስት ሰዎች እጅ ነበር።

የጋዝ ቧንቧዎቹን የሚጠብቁት ሽማግሌ ቴክኒሽያን፣ ሁሉም «አባባ ቧንቧ» የሚሏቸው፣ ሳይጠየቁ ጀመሩ።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው። ትናንት አጥብቄው ነበር፤ ያጠበቅሁት ይመስለኛል... ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተን!»

«አባባ፣ ናይትሮጅን ሲያፍን ሰው ምን ይሰማዋል?»

«ምንም። ሳያስታውቅ ነው የሚያስተኛው። ለዚህ አይደል የሚፈራው?»

«ታዲያ ኮሌታቸውን ለምን ቀደዱ?»



ሁለተኛዋ የፕሮፌሰሩ የእህት ልጅ ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች።

«ይቺ ነጭ ነገር ምንድን ናት?»

«የኔ ፕላስቲክ ናት። ውስጧን በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሞልቶታል። ቀዳዳው ምን ያህል ቢሰፋ፣ ግድግዳው በምን ቢለበጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚይዝ አስቀድሜ በኮምፒውተር አስመስዬ ነው የምነድፋት።»

«እውነት ትይዛለች?»

«ስሌቱ ትይዛለች ይላል፤ ካልሞቀችም አትለቅም። ትናንት ባዶ አድርጌ፣ ከተራ አየር ምን እንደምትይዝ ለማየት ክፍት ተውኳት። ዛሬ ጠዋት ጋሼ ሊመዝኗት ነበር።»

«ሌላስ የሚመዝኑት ነበር?»

ልጅቷ አመነታች። «የዶክተሩን ፕላስቲክ፣ በመጽሔት የታተመለትን። በኔ ስሌት ያ ፕላስቲክ ሲደርቅ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ የጻፈውን ያህል ጋዝ ሊይዝ አይችልም። ጋሼም ‹አብረን እንለካው› ብለውት ነበር።»

ሦስተኛው ዶክተሩ ነው፤ የፕሮፌሰሩ ምክትል። ነጭ ካፖርቱ ተተኩሷል፤ ንግግሩ ተመዝኗል። እስክሪብቶውን ግን በአውራ ጣቱና በቀለበት ጣቱ ነው የያዘው፤ በመካከል ያሉት ሁለት ጣቶቹ ጫፋቸው ነጥቶ ውሃ ቋጥሯል።

«እጅዎን ምን ነካዎት?»

«ዛሬ ጠዋት እዚሁ ሻይ ሳፈላ ማፍያው አቃጠለኝ።»

«የልጅቷ ፕላስቲክስ እንዴት ናት?»

ሳቀ። «ኮምፒውተር ያልማል እንጂ አይመዝንም። ጠጠር በሏት፤ ምንም አትይዝም።»

በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ ሦስቱንም በስብሰባው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«ናይትሮጅን ያስተኛል፤ ፕሮፌሰሩ ግን ታግለዋል» አለች። «እንዲህ ደረት የሚያስጨንቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ስለዚህ ቧንቧው የተፈታው ከሞቱ በኋላ፣ እኛን ለማሳሳት ነው።»

«ማስረጃስ?» አለ ዶክተሩ።

«ነጯ ፕላስቲክ። ልጅቷም ተጠርጣሪ ስለነበረች፣ ልኬቱንም ስሌቱንም የሠሩት እሷን የማያውቁ ባለሙያዎች ናቸው። ሲያሞቋት ያወጣችው ጋዝ፣ ተራ አየር ውስጥ ብታድር ከምትይዘው ስድስት እጥፍ ሆነ። በስሌቱ መሠረት ይህ የሚሆነው ክፍሉ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ታጭቆ ከነበረ ብቻ ነው። ጋዙ ከየት መጣ? ናሙና ከምታቀዘቅዙበት ደረቅ በረዶ፣ ማለትም ከረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። በረዶው ተኖ ያልቃል፤ ጠብታ አይተውም። አንድ ሰው ሲመሽ የሚዛን ክፍሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ከመረው። ማለዳ፣ ሌላ ሰው ሳይመጣ፣ ፕሮፌሰሩ ሲገቡ በሩን ከውጭ ቆለፈባቸው፤ የእሳቸው ቁልፍ እንዳይገባም የራሱን ቀዳዳው ውስጥ ተወው። ጸጥ ሲሉ ከፍቶ አናፈሰውና ቧንቧውን ፈታ።»

«ቁልፍ እኮ ሦስታችንም አለን!»

«አባባ ቢሆኑ ራሳቸውን የሚያስጠረጥረውን ቧንቧ አይፈቱም። ልጅቷ ብትሆን ፕላስቲኳ ምን እንደምትይዝ ታውቃለች፤ ምስክር ጠረጴዛ ላይ ትታ አትሄድም። ጠጠር ናት ብሎ የሚያልፋት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ይሄ ግምት ነው!»

«ጣቶችዎ ግን ግምት አይደሉም። አባባ፣ የሻይ ማፍያው እንዴት ነው?»

«ከተበላሸ እኮ ሳምንት አለፈው» አሉ ሽማግሌው ግራ ተጋብተው። «ሻይ ከውጭ ነው የምናስመጣው።»

«ትናንት ያየዎት የፖሊስ ሐኪምም የውርጭ ቃጠሎ ነው ብሎ ጽፏል። በረዶውን በባዶ እጅዎ ነው የነኩት፣ ዶክተር።»

ዶክተሩ እጁን ኪሱ ውስጥ ሊከት ሞከረና ተወው። «ቁጥር ነው የለወጥኩት» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «ጥቂት ቁጥር። ስሜ የቆመው በዚያ ነበር። መሳቂያ ሊያደርጉኝ ነበር...»

«ጋሼ እኮ ሊያዋርዱህ አልነበረም!» ጮኸች ልጅቷ። «አብረን እናርመዋለን ነው ያሉኝ!»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። መርማሪዋ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አባባ፣ በዚህ የእርስዎ እጅ የለበትም። እንግዲህ ይረፉ።»

ሽማግሌው ፊት ላይ ግን እፎይታ አልታየም። «በኔ ስህተት ቢሞቱም ሳይሰቃዩ ነው እያልኩ ነበር ራሴን የማጽናናው» አሉ። «እንግዲህ በሩን እየደበደቡ ነበር ማለት ነው?»

መርማሪዋ ልትዋሽ ፈለገች። አልቻለችም።

«አዎ» አለች።

ልጅቷ ተነስታ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች። 

«አባባ፣ ዛሬ ብቻዎን አያድሩም» አለች። «ወደኛ ቤት እንሂድ። እማዬ ወንድሟን የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ትፈልጋለች።»