የካርድ ጸሐፊዋ ደብተሮች

በደስታም በሐዘንም ጊዜ እጃችን የሚገባውን ካርድ አንብበን እናስቀምጣለን እንጂ ቃሉን ማን እንደጻፈው አንጠይቅም። እኔም አልጠይቅም ነበር።

በአንድ ማተሚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የካርድ ጽሑፍ ያዘጋጁ ሴት አሉ። ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። የሐዘን ካርድ ሲታዘዙ ወዲያው አይጽፉም። ቤተሰቡን አስቀምጠው፣ "ምን ያስቀው ነበር? ቤት ሲገባ ምን ይል ነበር?" እያሉ ይጠይቃሉ። ሁለት መስመር ለመጻፍ ግማሽ ቀን የሚፈጅባቸው ጊዜ አለ። የጻፉትን ሁሉ ደብተር ላይ ይገለብጡታል፤ ደብተሮቹ አንድ ቁም ሣጥን ሞልተዋል።

ባለማተሚያው ሳይነግራቸው ደብተሮቹን ፎቶ አንስቶ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ አስጠናቸው። መሣሪያውም ልክ እንደ እሳቸው አድርጎ በደቂቃ ይጽፍ ጀመር።

"እትዬ፣ ከእንግዲህ ይረፉ። ይሄ ምሳ አይበላ፣ አያኮርፍ" አላቸው ባለማተሚያው መሣሪያውን እያሳያቸው።

"አስተማሪው ሳያውቅ ተምሮ፣ ደግሞ ምን ብሎ ያኮርፋል?" አሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ።

"ምን ጎደለብዎት? ደብተሩ እንደሆነ ቦታው ላይ ነው።"

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ የወንድሟን ልጅ የሠርግ ካርድ ልታዝዝ መጣች። ጠረጴዛው ላይ፣ ከሰዓት በኋላ የሚወሰዱ የሌላ ሰው ሁለት መቶ ካርዶች ነበሩ። አንዱን አንስታ፣ "ሳቋ ቀድሟት ቤት የሚገባ ሙሽራችን" የሚለውን አነበበች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ይሄ የልጄ ነው" አለች።

ልጇ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። እትዬ ያንን ቃል የጻፉት ለእሷ መታሰቢያ ነበር።

"እህቴ፣ መሣሪያው ነው እንጂ እኛ አይደለንም" አለ ባለማተሚያው።

"መሣሪያው ልጄን ያውቃታል?"

እትዬ አጠገቧ ተቀምጠው እጇን ያዙ። "ይሄን ቃል መውሰዱን እኔም አልሰማሁም፣ ልጄ። አንቺ የነገርሽኝን ለሌላ አልሰጥም ነበር።"

ባለማተሚያው ካርዶቹን አንድ በአንድ ይቀድ ጀመር። ሲጨርስ፣ "እትዬ፣ አጥፍቻለሁ። እነዚህን በሌላ ቃል መልሼ አትማለሁ። መሣሪያው እንደ አዲስ ከየትኞቹ ጽሑፎች ይማር?" አላቸው።

"የደስታዎቹን ውሰድ፣ ስሜ ግን ከሥር ይጻፍ። የሐዘኖቹን ባለቤቶቹን ጠይቅ። እኔም አደራ ተቀብዬ ነው የያዝኩት።"

መሣሪያው ያስደንቃል፤ ሲጽፍ አይቼዋለሁ። ይበልጥ የሚያስደንቁኝ ግን ሐዘንተኛ ፊት ተቀምጠው ግማሽ ቀን የሚያዳምጡት ሴት ናቸው። መሣሪያው የሚያውቀው ቃል ሁሉ እንደዚህ ካለ ሰው የመጣ ነው። ወገኖቼ፣ የሰው ሥራ ከመውሰዳችን በፊት ሰውየውን እንጠይቅ፤ ስሙንም እንጻፍለት።

ባለማተሚያው አሁን ቤት ለቤት እየሄደ ይጠይቃል። አንዳንዱ ይፈቅድለታል። ልብስ ሰፊዋ፣ "አይሆንም" አለችው። እሱም፣ "እሺ እህቴ" ብሎ፣ የልጇን ገጽ ከደብተሩ በጥንቃቄ አውጥቶ ሰጣት።