ከመንጌ ወዲያ የጠፋችው ፒክአፕ

የወርቅውሃ ጉዞውን ለማቀድ ሁለት ዓመት ፈጀባት፤ ለማበላሸት ግን አንድ ወንድም በቃት።

በአንድ የየካቲት ማለዳ ስምንት ብስክሌቶች ከአሶሳ ወጥተው ወደ መንጌ አቅጣጫ ቁልቁል ተወረወሩ። ስድስቱ ጋላቢዎች ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ናቸው። ፊት ፊት የምትነዳው የወርቅውሃ ናት፤ ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ፣ እሷ ግን እዚያው አሶሳ የተወለደች፣ ጉልበቷም ምላሷም የማይደክም። ከመጨረሻ ሆና የዘገየውን የምታበረታታው የባምባሲዋ ቀነኒ ናት። ሁለቱ ከአሥራ አምስት ዓመታቸው ጀምሮ አብረው ፔዳል የመቱ ጓደኛሞች ናቸው። አሁን አምስት ቀን ነድተው፣ ማታ ማታ ድንኳን ተክለው፣ የህዳሴው ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ዳር ሊደርሱ ነው።

ውሃውን፣ ድንኳኑንና ስንቁን የምትይዝ አንዲት ፒክአፕ ነበረች። በየሃያ ኪሎ ሜትሩ ቆማ ውሃ ማደል፣ የደከመውን መጫን ነው ሥራዋ። ሹፌር ሲፈለግ ቀነኒ፣ «ሌንጂሳን እንቅጠረው፣ ያንን በረሃ እንደ ጓሮው ነው የሚያውቀው» ብላ ነበር። የወርቅውሃ ግን ታላቅ ወንድሟን በኃይሉን አመጣች። ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፣ እናቷም ለምናታለች። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ! እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ስንቱን ደህና ሥራ ገደል የከተተው ይኸው ተረት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በላብና በሳቅ አለፉ። በሦስተኛው ቀን ግን ፀሐይዋ ጨከነች። የተቃጠለው ሣር አመድ በነፋስ እየተነሣ ዓይን ይሞላል፤ የቀርከሃው ጫካ ቅጠሉን አራግፎ ጥላ ነፈጋቸው። በኃይሉ ጠዋት ከሰፈሩበት ቀድሟቸው ወጥቶ ነበር። የመጀመሪያው መቆሚያ ድልድይ ላይ ሲደርሱ መኪናዋ የለችም።

«ትንሽ ወደፊት ሄዶ ይሆናል» አለች የወርቅውሃ።

ሃያ ኪሎ ሜትር ጨመሩ። መኪና የለም። ስልክ አይሠራም።

«ቀነኒ፣ ውሃ አለሽ?»

«አለኝ፣ አለኝ!»

ከየት አባቷ ይኖራታል! የመጨረሻዋን ጉንጭ ኤልያብ ለሚባለው፣ እግሩን ለያዘው ወፍራም እንግዳ ሰጥታዋለች። እንግዳ ይቅደም እየተባለች ያደገች ልጅ ናት፤ በእንግዳ ፊት ጠማኝ ማለት ነውር መሰላት። ይሉኝታ የቀበረውን ሰው ማን ቆጥሮት ያውቃል?

አንድ ሾላ ሥር አረፍ ሲሉ ላባቸውን ያሸተተ፣ ውሃ የጠማው የንብ መንጋ ወረደባቸው።

«ንዱ! ንዱ!»

ሁሉም ብስክሌቱ ላይ እየዘለለ ፈረጠጠ። ኤልያብ ግን ሰንሰለቱ ወልቆበት ቀረ። ቀነኒ ተመልሳ ነጠላዋን ፊቱ ላይ ጠቀለለችና ክንዱን ይዛ ከነብስክሌቱ እየጎተተች አወጣችው። እሱ በሁለት ንድፊያ ተረፈ፤ የእሷ ፊት አብጦ አንድ ዓይኗ ተደፈነ። እንደዚያም ሆና ሰንሰለቱን መለሰችለትና ጥቂት ነዳች። ከዚያ ብስክሌቷ ወደ ጎን ዘመመና ወደቀች።

«የወርቄ… ላቤ ቆመ» አለች። ቆዳዋ ደርቆ ይፋጃል።

የወርቅውሃ ያን ጊዜ ነው የፈራችው። ከመንገዱ በታች የሰው ድምፅ ሰምታለች። እንግዶቹን መንገድ ዳር ትታ፣ ቀነኒን ብስክሌት ላይ አስደግፋ፣ ከኤልያብ ጋር እየገፉ ቁልቁለቱን ወረዱ። ወርቅ ቆፋሪዎች ነበሩ። አካፋ የያዙ አራት ጎረምሶች መንገዱን ዘጉ።

«ቁም!» አለ አንደኛው በተሰባበረ አማርኛ፣ የብስክሌቱ መሪ ላይ ወደታሰረችው፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም ወደምትለው የመንገድ ጠቋሚ ዕቃ እያመለከተ። «ይሄ ማሽን ወርቅ ያያል! የኛ ጉድጓድ ልትሰርቅ መጣ!»

«መንገድ ነው የሚያሳየው! ውሃ ስጡኝ፣ እባካችሁ!»

«ውሸት!» አካፋው ተነሣ።

የወርቅውሃ ዕቃውን ከመሪው ላይ ገነጠለችና እግራቸው ሥር ወረወረችው። «እንኩ! ውሰዱት! ጓደኛዬ እየሞተች ነው!»

ወርቅ በሚያጥቡበት ገበቴ ላይ ካጎነበሱት ሴቶች መካከል ሐዋ የምትባል አሮጊት ቀና አለች። «ወላሂ ሐራም ነው! ልጅ እየሞተ፣ አንተ ማሽን ታያለህ?» ብላ ጎረምሳውን በክርኗ ገፋችው። የመጠጥ ውሃቸውን በቅል አምጥታ ግማሹን በቀነኒ ራስ ላይ አፈሰሰች፣ ግማሹን በጠብታ አጠጣቻት። ቀነኒ አቃሰተች፤ ዓይኗን ግን አልገለጠችም።

ከላይ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። እንግዶቹ ከኋላቸው የመጣችውን ፒክአፕ አስቁመዋል። የወርቅውሃና ኤልያብ ቀነኒን ተሸክመው ሲወጡ፣ መኪናዋ እስከ አናቷ ከሰል ተጭናለች። በኃይሉ ጠዋት ከአንድ መንደር ገብቶ ሊነግድበት የገዛው ከሰል እስኪታሸግ ሲጠብቅ፣ እነሱ በዋናው መንገድ አልፈውት ኖሯል።

«አያ፣ ውሃውስ?»

«ቦታ ጠበበኝ። ጀሪካኖቹን ከሰል ሻጩ ቤት አስቀመጥኳቸው። ስንመለስ እናነሣቸዋለን» አለ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

የወርቅውሃ መኪናዋ ላይ ወጥታ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ወደ አቧራው ወረወረች። እንግዶቹም አገዟት።

«አብደሻል? እኔ ወንድምሽ ነኝ እኮ!»

«የቀጠርኩህ ወንድሜ ስለሆንክ ብቻ ነው። ጥፋቴም እሱ ነው። ቁልፉን አምጣ።»

ቁልፉን ነጠቀችው። ቀነኒን ጭና፣ እንግዶቹን ከነብስክሌቶቻቸው አሳፍራ፣ ወንድሟን ከከሰሉ ጋር መንገድ ዳር ትታው ነዳች። እናቷ ይህን አትረሳላትም፤ አወቀችው፣ ነዳችም።

ጤና ጣቢያው ግሉኮስ ሰቀለላት። ቀነኒ በሦስተኛው ቀን ተነሣች። ሌንጂሳ ተጠርቶ ከባምባሲ ደረሰ፣ መኪናዋንም ተረከበ፤ ቀነኒን ይዞ ብስክሌቶቹን ተከተለ። እንግዶቹ የቀረውን መንገድ ነድተው ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ጮኹ፣ ተቃቀፉ፣ ፎቶ ተነሡ። ሐይቁ እስከ ሰማይ ጠርዝ ተዘርግቷል። የወርቅውሃ ከብስክሌቷ ወርዳ ቀነኒ ወደተቀመጠችበት ድንጋይ ሄደች።

«ይቅር በይኝ።»

«ብዬሻለሁ» አለች ቀነኒ። ከንፈሯ ገና እንደተሰነጠቀ ነው። «ግን ካንቺ ጋር ሁለተኛ መንገድ አልወጣም።»

«ለምን? ወንድሜን ጥዬ አይደል ያነሣሁሽ?»

«አንሥተሽኛል። አንቺ ግን እኔን የመረጥሽው ልሞት ስል ነው።»

የወርቅውሃን ዓይን እንባ ሞላው። በማግስቱ ወደ አሶሳ ሲመለሱ ቀነኒ ከሌንጂሳ ጎን ተቀመጠች። የወርቅውሃ ከኋላ ከብስክሌቶቹ ጋር ተጫነች።