ሳላነብ የፈረምኩት

የእርዳታው መጋዘን መዛኝ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ «ሚዛን» ይለዋል። የተዋወቅነው መንታ ልጆቼን አስከትዬ ስወጣ ከረጢቴ ተቀዶ ስንዴው መሬት ሲፈስ ነው። ሥራውን ትቶ አብሮኝ ተንበርክኮ ለቀመ።

«ተው፣ ሰው ይስቅብሃል» አልኩት።

«ይሳቅ! ለመንታ እናት ያልተንበረከክኩ ለማን ልንበርከክ?»

ባሌ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ያን ቀን ስስቅ እኔው ራሴ ደነገጥኩ።

የጎልማሶች ትምህርት መጀመሬን ሲሰማ፣ ወረፋዬ በደረሰ ቁጥር የከረጢቱን ጽሑፍ ያስነብበኝ ጀመር። ፊደል በፊደል ስንተባተብ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ አይቸኩልም። ቀና ብዬ ዓይኑን ካየሁ ግን የጀመርኩት ቃል ይጠፋብኛል።

አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጆቹን አስፈቅጂልኝ» አለ።

ጠየቅኋቸው። አንደኛው «ሚዛኑንም ይዞ ይመጣል?» አለኝ። ይህን ስነግረው ከሳቁ ብዛት እንባው ወጣ።

ከተማችንን የላይኛውም የታችኛውም አስተዳደር «የእኔ ናት» ይላል። ስንዴው የሚመጣው ከታች ነው፤ ሚዛንም የታች ሰው ነው። በዚያው ሰሞን የላይኞቹ ሹሞች መጋዘኑን ቆልፈው «ለምዝገባ ነው፣ መጀመሪያ ፈርሙ» አሉ። ሕዝቡ ተሰልፎ ጣቱን ቀለም እየነከረ ያትማል።

ሚዛን ወረፋው ውስጥ ገብቶ ክንዴን ያዘኝ።

«አትፈርሚ። የምዝገባ ወረቀት አይደለም፤ አንብቢው።»

«ልጆቼ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም።»

«ሁለት ቀን ብቻ ታገሺኝ፣ መላ አላጣም።»

«አንተማ ምን አለብህ፣ የታች ሰው!»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ክንዴን ለቀቀኝ።

ለማንበብ ሞከርኩ። የመጀመሪያውን መስመር ሳልጨርስ ከኋላዬ «ምነው፣ ልትሸመድጂው ነው?» ብለው ሳቁብኝ። አፈርኩ። ቀለሙን ገፋ አድርጌ «እኔ ስሜን መጻፍ እችላለሁ» አልኩና በትልልቁ ጻፍኩ።

የአንድ ሳምንት ስንዴ ተሰጠኝ። በሳምንቱ ወረቀቱ መጋዘኑ በር ላይ ተለጠፈ፤ ማንም ሳይኖር ቀስ ብዬ አነበብኩት። ለካ ከተማዋ የላይኞቹ መሆኗን መስክረን፣ የታች ሠራተኞች እንዲወጡልን ጠይቀናል። በዚያ ሁሉ አሻራ መካከል የሚነበብ ስም የእኔ ብቻ ነው።

ሮጬ መናኸሪያ ስደርስ ሚዛን የታች ሠራተኞችን የሚወስደው መኪና ላይ ተሳፍሯል።

«ሳላነብ ነው የፈረምኩት!»

«አውቃለሁ» አለ። «ወረቀትማ ይቀደዳል። የታች ሰው ያልሽኝን ግን ምን ላድርገው?»

መኪናው ሄደ። የታችኞቹም ተናደው መንገዱን ዘጉት፤ ስንዴውም በዚያው ቀረ። በየቤቱ ልብስ እያጠብኩ፣ ልጆቼን በግማሽ ሆድ አሳደግኋቸው።

ትናንት አንደኛው ልጄ «እማ፣ ያ ሰውዬ ግን ለምን ቀረ?» አለኝ።

«መንገዱ ተዘግቶበት ነው» አልኩት።

መንገዱ ከተከፈተ ዓመት ሆኖታል።