የሲት ነፊሳ ዓይን

የሲት ነፊሳ ቀኝ ዓይን ተሰረቀ።

ዓይኑስ እዚያው ቦታው ላይ ነበር፤ ሞራ ጋርዶት፣ እንደ ተቀቀለ ዓሣ ዓይን ነጥቶ። ሐኪሙ በባትሪ አየው። ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ተመልሶ አየው።

«ሐጃ፣ የዚህ ዓይን ሞራ ባለፈው ወር ተገፏል ይላል።»

«የማን ዓይን?»

«የእርስዎ። ስሙም ካርዱም የእርስዎ ነው። የታእሚኑ፣ የጤና መድኑ ኩባንያም ከፍሏል። በዓመት አንድ ዓይን ነው የሚፈቅደው። ሁለተኛ አይከፍልም።»

ሲት ነፊሳ ዕድሜያቸውን በአስተማሪነት የጨረሱ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ባለው ግቢያቸው የሚኖሩ ሱዳናዊት ናቸው። ሐኪሙን የጠየቁት ጥያቄ በሬሕማ ጆሮ ሲያንቃጭል ከረመ።

«ታዲያ አሁን የሚያየው ማነው?»

ሬሕማ ክንዳቸውን ደግፋ ቆማለች። ከወሎ ወጥታ ካርቱም ከገባች ጀምሮ የእሳቸው ቤት ሠራተኛ ናት። ልጇ ፋሪሃም እዚያው ግቢ ተወልዳ አደገች። ዐረብኛ ማንበብና መጻፍ ያስተማሯት ሲት ነፊሳ ራሳቸው ናቸው።

አመሻሹ ላይ ፖሊስ መጣ። ፋሪሃን ወሰዳት።

ሻዊሽ ሁዘይፋ የሰለቸው የሚመስል ወፍራም ፖሊስ ነበር። በጣቢያው ውስጥ ሰው የሚያስቀምጥ ወንበር አንድ ብቻ ነው። እሱ ተቀምጦበታል።

«ካርዱን ይዘሽ ሆስፒታል የሄድሽው አንቺ ነሽ?»

«አይዋ። ሲት ነፊሳ ላኩኝ። ፈቃዱን ማኅተም አስመታሁ፣ ተመለስኩ።»

«ታዲያ ወዲያው ለምን አልተሠሩም?»

«ልጃቸው ከጅዳ እስኪመጣ ጠበቁ። አልመጣም።»

«ካርዱስ?»

«ሸንጣቸው ውስጥ መለስኩት። ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ ነው ያለው።»

«ለማን አከራየሽው?»

«ለማንም!»

«የተሠራችው አሮጊት ሐበሻ ናት ይላል የሆስፒታሉ መዝጋቢ። ካርዱን ይዛ የታየች ሐበሻ አንቺ ነሽ። ወረቀቱን የምታነቢው አንቺ ነሽ። ስሟን ተናገሪ።»

«ወላሂ አላውቃትም!» ፋሪሃ ወደ እናቷ ዞረች። አማርኛዋ ሲጨንቃት ይሰበራል። «ዩማ፣ እኔ አልሰጠሁ። ለማንም አልሰጠሁ። አንቺ ታምኚኛለሽ?»

«አምንሻለሁ፣ ልጄ።» ሬሕማ ወደ ፖሊሱ ጠጋ አለች። «ጌታዬ፣ ልጄ ሌባ አይደለችም።»

«እናት ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ክሱ የኩባንያው ነው፣ የእኔ አይደለም። የመኖሪያ ኢቃማዋም አልታደሰም። ሐሙስ ፋይሏ ፍርድ ቤት ይገባል። ከዚያ ወይ እስር ቤት፣ ወይ በገላባት በኩል ወደ አገሯ።»

«የምን አገሯ? እዚህ ነው የተወለደችው!»

«እንግዲያው ያቺን ዓይን ፈልጊልኝ።»

ከጣቢያው ስትወጣ ፋጤ በር ላይ ትጠብቃት ነበር። ፋጤ የአገሯ ልጅ ናት፤ በዕድሜ ትበልጣታለች። ጀብራ የሚባል ሰፈር አንድ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ዓርብ ዓርብ ግን ቡሪ መጥታ ከሬሕማ ጋር ልብስ ታጥባለች። ከእጥበት በኋላ ሁለቱም ደብተራቸውን ይዘው፣ በሐበሾች ማኅበር ቤት ከጎልማሶች ጋር ፊደል ይቆጥሩ ነበር። በቅርቡ ፋጤ ትምህርቱን ተወችው፤ ራሴን ያመኛል ብላ። ፋሪሃ ስትወለድ እትብቷን የቆረጠችው እሷ ናት።

«አብሽሪ፣ ሬሕማዬ» አለች ፋጤ፤ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ። ትክ ብላ አየቻት። «ምነው እንዲህ ሸበትሽ? ማዲያትም አውጥተሻል እኮ!»

«ጭንቀት ነው» አለች ሬሕማ። ደረቷ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

በማግስቱ የልብስ ማጠቢያውን ጠሽት ውኃ ሞልታ፣ እጇን ነክራ ቀረች። ታእሚኑ የተገዛበት ያ ከሰዓት ትዝ አላት።

ደላላው ረሺድ ሁለት ዓይነት ካርድ ይዞ መጥቶ ነበር። ከመዓሹ፣ ከጡረታ ደመወዙ፣ ጋር ያለው የመንግሥት ታእሚን ለምርመራና ለኪኒን እንጂ ለሌንስ አይከፍልም። ስለዚህ ጡረተኛ ሁሉ ተጨማሪ ይፈልጋል። ሲት ነፊሳ ሁለቱም ዓይናቸው ደክሞ ማንበብ ስለማይችሉ ፋሪሃ ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበች። ጠሽቱ ላይ ለነበሩት ለሁለቱ ሴቶችም በአማርኛ ተረጎመችላቸው።

አረንጓዴው የጡረተኞች ማኅበር ነው። ርካሽ ነው፤ የትም ሆስፒታል ያስኬዳል። ግን ፎቶ ይለጠፍበታል፤ ከመግባትሽ በፊት ለነበረብሽ በሽታም ስድስት ወር ጠብቂ ይላል። ሰማያዊው የኩባንያ ነው። ዋጋው ከመዓሹ ግማሹን ይበላል፤ አንድ ሆስፒታል ብቻ፣ በዓመትም አንድ ዓይን ብቻ። ግን ወዲያው ይሠራል። ፎቶ መነሣት የማትወድ ሴትም በስሟ ብቻ ታልፋለች።

«ስድስት ወር!» ብለው ነበር ሲት ነፊሳ። «መልአኩ መጥቶ ቢጠራኝስ፣ ታእሚኔ አልደረሰም ልበለው?»

«ሰማያዊው ይሻላል» አለች ፋጤ ከጠሽቱ ላይ።

«አንቺ ደግሞ መቼ ደላላ ሆንሽ?»

ሁሉም ሳቁ። ረሺድም ሳቀ።

ሬሕማ እጇን ከውኃው አወጣች። ረሺድ! ፎቶ አያስፈልግም ያለው እሱ። ገዢ የሚያውቀው እሱ። ቶቧን ተከናንባ በሐፍላ አውቶቡስ ወደ ገበያ ሄደች፤ ቢሮው በር ላይ ሻይ ሲጠጣ አገኘችው።

«እኔ?» አለ ረሺድ። «ኩባንያው ኮሚሽኔን ይዞብኝ! አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ብሰርቅ ዓይን እሰርቃለሁ? የልብ ቀዶ ጥገና እሰርቅ ነበር። ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው።»

«ታዲያ ማን ሊሆን ይችላል?»

«ካርዱ የት ተገኘ?»

«ሸንጣው ውስጥ። እዚያው ቦታው ላይ።»

«በይ እንግዲህ። ሌባ የሰረቀውን አይመልስም። ይሄ የውጭ ሰው ሥራ አይደለም። የቤተኛ ሥራ ነው።»

የቤተኛ። ሬሕማ ስትመለስ ቃሉ አብሯት ተሳፈረ። ቤተኛ ማን አለ? እሷና ልጇ። ፋሪሃ ባለፈው ሰሞን ያደረገችው አዲስ ጫማ ትዝ አላት። ከየት አመጣችው? እኔ ነኝ የገዛሁላት፤ እኔው ነኝ። የገዛ ልጇን ስትመረምር ራሷን አገኘችና አፈረች።

ረቡዕ ጠዋት ዓይን ሆስፒታሉ ሄደች። እዚያ የምትጠርግ በቀለች የምትባል የጎጃም ሴት አለች፤ ፋጤ ትምህርቱን ከተወች ወዲህ ማኅበር ቤት ገብታ ከሬሕማ ኋላ ፊደል ትቆጥራለች። ሬሕማ ስትጠይቃት በቀለች መጥረጊያዋን ጥላ ወደ ደረጃው ሥር ጎተተቻት።

«ለፖሊስ አልናገርም። ኢቃማ የለኝም።»

«ለፖሊስ አይደለም። ለእናት ንገሪኝ።»

በቀለች ግራ ቀኙን አየች። «ሴትዮዋን አይቻታለሁ። ፊቷን አላየሁም፤ በቶብ ተከናንባ ነበር። ከነርሷ ጋር በዐረብኛ ተግባብታለች። ጨርሳ ስትወጣ ግን እጄን ያዘችኝ። በአማርኛ ጠየቀችኝ።»

«ምን ብላ?»

«ነርሷ አታጎንብሺ ብላት ነበር። እሷ ደግሞ ስለ ሶላቷ ፈራች። ‘ሱጁድስ? ግንባሬን መሬት ሳላስነካስ እንዴት ይሆናል? በትክክል ጠይቂልኝ’ አለችኝ። ጠየቅሁላት። ነርሷ ‘ቁስሉ እስኪድን ወንበር ላይ ሆነሽ ስገጂ፤ ካጎነበስሽ ዓይኑ ይበላሻል’ አለች። ሴትዮዋ አለቀሰች። ስታለቅስም ‘ማልቀስም ክልክል ነው’ አለቻት።»

ሬሕማ ሆስፒታሉን ለቅቃ ስትወጣ የምትፈልገውን አወቀች። እስላም ሐበሻ። ወንበር ላይ የምትሰግድ።

ቀትር ላይ በሰፈሩ መስጊድ የሴቶቹ በኩል ገባች። አንዲት አሮጊት ወንበር ላይ ሆና ስትሰግድ አየችና ጠጋ አለች። የሴትዮዋ ጉልበት እንደ ሐብሐብ አብጧል፤ ሁለቱም ዓይኗ የጠራ፣ ሱዳናዊት ናት። ሬሕማ ይቅርታ ሳትጠይቅ ወጣች።

ዕለቱን ጀብራ የአገራቸው ሰው አርፎ የወሎ ሴቶች ሁሉ ለቅሶ ቤት ተሰብስበው ነበር። ሬሕማ ማልቀስ ስላማራት ሄደች። የዐስር አዛን ሲል ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ተሰለፉ። ሬሕማ ዘግይታ ከኋላ ቆመች።

ከፊቷ አንዲት ሴት የፕላስቲክ ወንበር ስባ ወደ ጥግ ወሰደችው። ሌሎቹ ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ሲያሳርፉ፣ እሷ ወንበሩ ላይ እንዳለች ትንሽ ዘንበል ብላ ተመለሰች።

ፋጤ ነበረች።

ሬሕማ ሶላቷ ጠፋባት። ያ በጣቢያው በር ላይ የተነገራት ቃል መጣባት። ምነው እንዲህ ሸበትሽ? ሽበት ካወጣች እኮ ዘመን አልፏታል። ፋጤ ግን ገና ያን ቀን ነበር ያየችው።

ሶላቱ ሲያበቃ ከአጥሩ ኋላ ወሰደቻት።

«ጉልበትሽን አሞሻል፣ እትዬ ፋጤ?»

«ትንሽ ቆርጠም ያደርገኛል።»

«ባለፈው ዓርብ ጠሽት ላይ ቁጢጥ ብለሽ ነው የዋልሽው። እኔ ስደክም አንቺ አልደከመሽም።»

ፋጤ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

«ጎንበስ ብለሽ ግን አላነሣሽም። ባልዲውን ሁሉ እኔን ነው ያሸከምሽኝ። ሰማያዊው ይሻላል አልሽ። እኛ ሳቅን።»

«ሬሕማ…»

«እትብቷን የቆረጥሽላትን ልጅ ነው ያሳሰርሽብኝ!»

ፋጤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ቀኝ ዓይኗ ጥርት ብሎ ያያል፤ ግራው ገና እንደ ደፈረሰ ነው።

«የጀብራዋ እመቤቴ ብርጭቆ ስሰብር ታግሣኝ ነበር» አለች። «ሕፃኑ ላይ ልወድቅ ስል ግን ኸላስ አለችኝ። እስከ ረመዳን መጨረሻ ድረስ ነው የሰጠችኝ። ዓይን የሌላትን ሠራተኛ ማን ይቀጥራል? አገር ብገባስ ማን ይጠብቀኛል? ያን ቀን ረሺድን እስከ በር ሸኘሁት። ‘ለእኔስ የትኛው ይሻላል?’ አልኩት። ‘ጡረታሽ ከየት ነው?’ አለኝ። ‘ልብስ አጥቤ’ ስለው ሳቀ። አልተቆጣም። የልጅ ጥያቄ እንደ ጠየቅሁት ነው የሳቀው።»

«ለእኔ ብትነግሪኝስ?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ? አንቺስ ምን አለሽ?»

ሬሕማ ባዶ መዳፏን አየች።

«ሲት ልጃቸውን እየጠበቁ ነበር። እንደማይመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ይቆያሉ አልኩ። ዓመቱ ዞሮ ተራቸው ይደርሳል አልኩ። ልጅቱን ይይዟታል ብዬ አላሰብኩም፤ አላህ ምስክሬ ነው።»

«ከያዟት በኋላስ? በር ላይ አቅፈሽኝ!»

«ፈራሁ። ያየ ዓይን ጨለማ ይፈራል፣ ሬሕማ።»

ለአፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ ሬሕማ «ሂጂ፣ ጥፊ» ልትላት ከንፈሯ ተላቀቀ። የፋሪሃ ድምፅ መጣባት። አንቺ ታምኚኛለሽ?

«ነገ ሐሙስ ነው» አለች።

ፋጤ ቶቧን አስተካከለች። ለቅሶ ቤቱን ዞር ብላ አየችው፤ ሴቶቹን አንድ በአንድ፣ ፊታቸውን በልቧ ልትይዝ እንደምትፈልግ።

«ያላ» አለች። «ሐፍላው ሳይሞላ።»

በመንገዳቸው ቡሪ ወርደው ሲት ነፊሳን ይዘው በሪክሻ ወደ ጣቢያው ሄዱ። ሬሕማ መንገድ ላይ ሁሉን ነገረቻቸው።

ሻዊሽ ሁዘይፋ ጥያቄውን ሳይጨርስ ፋጤ «እኔ ነኝ» አለች። «ልጅቱ አታውቅም። ዓርብ ወሰድኩት፣ በሚቀጥለው ዓርብ መለስኩት።»

ፋሪሃን አወጧት። ሁሉን ስትሰማ ወደ እናቷ ሮጠች፤ መሐል መንገድ ላይ ግን ፋጤን አይታ ቆመች። «ኻልቲ? አክስቴ?» ብላ ብቻ ቀረች።

ሲት ነፊሳ እጃቸውን ዘረጉ። የፋጤን ፊት በዳበሳ አገኙት። ጣታቸው ቀስ ብሎ ቀኝ ሽፋሽፍቷ ላይ አረፈ።

«ያያል?»

«ያያል፣ ሲት።»

«እኔን ታይኛለሽ?»

«አያለሁ።»

«እስቲ ምን እመስላለሁ? እኔ ካየሁት ቆየሁ።»

ፋጤ ልትመልስ ሞከረች። ማልቀስ ክልክል መሆኑን ያስታወሰች ይመስል ከንፈሯን ነከሰች።

«ክሱን ልተወው እችላለሁ?» አሉ ሲት ነፊሳ።

«የኩባንያው ነው፣ ሐጃ» አለ ሻዊሹ፤ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሣ። «በእርስዎ እጅ አይደለም።»

«ዓይኑ ብቻ ነው የእኔ» አሉ ሲት ነፊሳ።

የመግሪብ አዛን ተሰማ። ፋጤ ውዱእ አድርጋ ወደ ጣቢያው ግቢ ጥግ ሄደች፤ ጠባቂ ከኋላዋ ቆመ። ባዶ መሬት ላይ ሶላቷን ጀመረች። ሬሕማ በመስኮቱ ታያታለች። ፋጤ ወገቧን ሰበረች፣ ቀና አለች። ከዚያ ጉልበቷ መታጠፍ ጀመረ። ግንባሯ ወደ አፈሩ ወረደ።

«አታጎንብሺ!»

የጮኸችው ሬሕማ ናት። ጣቢያው ሁሉ ዞረ። ፋጤ ግንባሯ አፈሩን ሳይነካ ቆመች።

«ዓይኑ ይበላሻል» አለች ሬሕማ ወደ ሻዊሹ ዞራ። «ወንበር ላይ ነው መስገድ ያለባት። ቁስሉ አልዳነም። የሲት ነፊሳ ዓይን ነው፣ ጌታዬ።»

ሻዊሽ ሁዘይፋ ጥቂት አያት። ከዚያ ከባድ ገላውን አንሥቶ ቆመ፤ ወንበሩንም በእግሩ ወደ በሩ ገፋው።

ሬሕማ ተሸክማ ወሰደችው። ፋጤ ሳታያት ተቀመጠች። ግቢው ጎርበጥባጣ ስለነበር ወንበሩ ዘመም ይላል። ሬሕማ ሶላቱ እስኪያልቅ ድረስ ከኋላ መደገፊያውን ጨብጣ ቆመች።