በሐጃ ሉጥፊያ ወረቀት ላይ የጎደለው መስመር

ሐጃ ሉጥፊያ ካፉሪ ሠፈር በሚገኘው ቪላቸው ውስጥ መርፌ በተወጉ በሩብ ሰዓት ሞቱ። ፊታቸው አብጦ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ወሬው ዐማራት ሠፈር ወዳለችው የመላክ የኅትመት ሱቅ በማግስቱ ጠዋት ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማዕረጓ ሙላዚም፣ ማለትም መቶ አለቃ፣ የሆነ ኢንሷፍ የምትባል የፖሊስ መርማሪ መጣች።

«ትናንት ሬሕማ የምትባል የወሎ ልጅ እዚህ ወረቀት አሳትማለች?» ስትል በአማርኛ ጠየቀች። እንደ መላክ ሁሉ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት።

«ብዙ ሰው ይመጣል» አለች መላክ።

መርማሪዋ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሐጃ እግራቸው ቆስሎ ሆስፒታል ከርመው ሲወጡ የተጻፈላቸው ደብዳቤ ነው። «የማይስማማቸው መድኃኒት» ከሚለው ፊት ለፊት ምንም የለም። ሆስፒታሉ ግን «ፔኒሲሊን፣ ፈጽሞ እንዳይሰጥ» ብሎ ጽፎ ነበር። ለቁስላቸው መርፌ ሊወጋ ቤት ድረስ የመጣው ነርስ ኢስሐቅ ባዶውን አይቶ ፔኒሲሊን ወጋቸው። ሐጃ አንደበታቸው ከተያዘ ዓመት አልፏቸዋል፤ አትውጋኝ ሊሉት አልቻሉም። ወረቀቱን ያቀበለችው ሠራተኛቸው ሬሕማ ታስራለች።

መላክ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ያንን ባዶ ቦታ ትናንት አይታዋለች። ፋይሉ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነበር የመጣው። በሌላ ፕሮግራም ከፍታ፣ ገጹን ወደ ምስል ቀይራ አተመችው፤ ተነበበ። አንድ መስመር እንደጎደለ ልብ ብላለች። ወረፋው ግን ረጅም ነበር፤ «ኸላስ፣ በቃ ውሰጂው» ብላ ለሬሕማ ሰጠቻት። ዛሬ ጠዋት መርዶውን ስትሰማ ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር ፋይሉን ከኮምፒውተሯ ማጥፋት ነበር።

«ለመሆኑ ፒዲኤፍ ላይ አንድ መስመር ብቻ በምን ይጠፋል?» አለች ኢንሷፍ።

«ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ ካልተካተተ ሳጥን ይሆናል እንጂ ባዶ አይሆንም። ፋይሉ ከተበላሸ ጭራሽ አይከፈትም። ቀለም ካነሰ ገጹ በሙሉ ይደበዝዛል።»

«ታዲያ ይሄ የትኛው ነው?»

መላክ ወረቀቱን ወደ መርማሪዋ መለሰችው። «ፋይሉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ሙላዚም። የገደልኳቸውም እኔ ሳልሆን አልቀርም።»

«ፋይሉ ሬሕማ ስልክ ላይ አለ» አለች ኢንሷፍ ሳትቆጣ፣ ስልኩን እያቀበለቻት። «ክፈቺውና አብረን እንየው። ስለ ገዳዩ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

ፋይሉን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጠው ገጹን አጉልተው አዩት። ከጽሑፉ ኋላ የሆስፒታሉ ዓርማ በስሱ ግራጫ ገጹን ሞልቶታል። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ይቋረጣል።

«ከላዩ የተለጠፈ ነገር አለ» አለች መላክ። ቦታውን መርጣ ቀዳችውና አዲስ ገጽ ላይ አሳረፈችው። «ፔኒሲሊን፣ ፈጽሞ እንዳይሰጥ» የሚለው ጽሑፍ ወጣ።

ኢንሷፍ እዚያው ቆማ የሐጃ ወንድም ልጅ ለሆነው ለረሺድ ደወለች። ደብዳቤው ከሆስፒታሉ መጀመሪያ የደረሰው እሱ ስልክ ላይ ነው።

«ከፍተኸው ነበር?»

«ወላሂ አልከፈትኩትም። እንደመጣ ለሬሕማ ላክሁላት። ምን እንዳደረገችው እሷን ጠይቋት።»

በነጋታው ሁሉም ቪላው ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። ሬሕማ በሁለት ፖሊሶች መሃል፣ ኢስሐቅ አንገቱን ደፍቶ፣ መላክ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ረሺድ በነጭ ጀላቢያ መሃል ላይ ነበር።

«ኢስሐቅ ያየው የታተመውን ብቻ ነው፤ ፋይሉ እጁ አልገባም» ስትል ኢንሷፍ ጀመረች። «ሱቁም ያጠፋው ፊደል የለም። ቃሉን የሸፈነው ነጭ ልጥፍ ሬሕማ ስልክ ላይ ባለው ፋይልም ላይ አለና።»

«ስለዚህ ሬሕማ ናት» አለ ረሺድ።

«ፋይሉ መጨረሻ የተለወጠበትን ሰዓት ይዟል፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር። ለሬሕማ የደረሳት አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሲደርሳት ቃሉ ተሸፍኗል። ዋናውን ዛሬ ከሆስፒታሉ አስመጥቼ በመላክ ኮምፒውተር አስከፈትኩት፤ አንድም ሳጥን የለውም። ሳጥኑ የመጣው አንድ ሰው ፋይሉን ነካክቶ እንደገና ሲያስቀምጠው ፊደሎቹ ውስጡ ሳይካተቱ ስለቀሩ ነው። ከሆስፒታሉ እስከ ሬሕማ ያለው እጅ ደግሞ ያንተ ብቻ ነው።»

«ሰዓት ይሳሳታል።»

«ይሳሳታል። ስልክህን ስጠኝና እናመሳክረው።»

የረሺድ እጅ ኪሱ ገብቶ እዚያው ቀረ። ሐጃ ቪላውን ለወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ሊሰጡ፣ ሊፈርሙም አንድ ሳምንት ቀርቷቸው እንደነበር ኢንሷፍ ተናገረች።

«ቤቱ የአባቴም ነበር» አለ ረሺድ ቀስ ብሎ።

ሬሕማ ተፈትታ ስትወጣ መላክ ደጅ ቆማ ጠበቀቻት።

«ያወጣሽኝ አንቺ ነሽ አሉ። አላህ ይስጥሽ፣ እህቴ።»

መላክ ምርቃቱን ተቀብላ መሄድ ትችል ነበር። «ባዶውን ያን ቀንም አይቼዋለሁ» አለች። «ወረፋ ስለነበር ዝም አልኩ። በኋላም ፈርቼ ፋይሉን አጠፋሁት፤ አንቺ ታስረሽ ሳለ።»



«ማንበብ አልችልም ብዬሽ ነበር» አለች ሬሕማ። «ሁሉም አለ ወይ ብዬም ጠይቄሽ ነበር።»

«ጠይቀሽኛል።»

ሬሕማ ሻርቧን አስተካክላ መንገድ ዳር የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ከጎኗ ቦታ ነበረ። መላክ ግን ቆማ ቀጣዩን ጠበቀች።